ዳግማዊ አባ ጅፋር

ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. 1861 – 1932) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የነበረው የጅማ መንግሥት ንጉሥ ነበሩ። ከ1878 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከ50 ዓመት በላይ በዙፋን ላይ ቆይተዋል። በዙሪያቸው የነበሩት መንግሥታት ሁሉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲፈርሱ የእሳቸው ብቻ ግብር እየከፈለ ራሱን ሲያስተዳድር ኖሯል። በታሪክ ይበልጥ የሚታወቁት በሦስት ነገር ነው፦ ያለ ጦርነት በመገበራቸው፣ ሂርማታ በተባለው ታላቅ ገበያቸውና በጅሬን ኮረብታ ላይ ባሠሩት የእንጨት ቤተ መንግሥት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስምና ትውልድ

የእስልምና ስማቸው ሙሐመድ፣ የአባታቸውም ዳውድ ነው። በጅማ ኦሮሞ ዘንድ ግን መኳንንት የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ስለነበር አባት አባ ጎሞል፣ ልጅ አባ ጅፋር ተባሉ። «አባ» የሚለው ቃል እዚህ የፈረሱን ባለቤት ያመለክታል። «ሞቲ» ደግሞ በኦሮምኛ ንጉሥ ማለት ነው፤ በአገሩ ሰው አፍ ሞቲ አባ ጅፋር እየተባሉ እስከ ዛሬ ይጠራሉ።

ጅማ በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከተመሠረቱት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነበር። ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። የጅማን መንግሥት በ1830 ገደማ ያቆሙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ሲሆኑ አገሩም «ጅማ አባ ጅፋር» የተባለው በእሳቸው ነው። ከእሳቸው በኋላ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል ተከታትለው ነገሡ። እስልምና በቤተ መንግሥቱ የገባው በቀዳማዊ አባ ጅፋር ጊዜ ሲሆን በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን በሕዝቡ መካከል ተስፋፍቷል።

አባ ጎሞል በ1878 ሲሞቱ ልጃቸው ገና የ17 ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ። ከጎናቸው ግን እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ነበሩ። ጉሚቲ በጅማ ታሪክ ምክራቸው ከጦር የበለጠ ዋጋ የነበረው ሴት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይታያል። አባ ጅፋር ራሳቸው ቁመታቸው እጅግ ረጅም እንደነበረና ከሁለት ሜትር በላይ እንደሚሆን ይነገራል።

ሚስቶቻቸውን የመረጡበት መንገድ የጎረቤት ፖለቲካ ነው። አንደኛዋ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ልጅ ሲሆኑ ሌላዋ ደግሞ ከካፋ ንጉሣዊ ወገን የመጡት ንግሥት ሚንጆ ናቸው። ይህ የካፋ ጋብቻ ከ20 ዓመት በኋላ የመጣውን ዘመቻ እንዳላስቀረ ወደፊት ይነገራል።

ለምኒልክ መገበር

በሰኔ 1882 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። የጦርነቱ ምክንያት በአብዛኛው የደቡብ ምዕራቡ ሀብት ነበር፦ ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ባሪያው የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ። ምኒልክ አሸነፉ። በራስ ጎበና ዳጬ የሚመራው የሸዋ ጦርም ወደ ጊቤ አገሮች ተጠጋ።

የጅማ መኳንንት ሁሉ ለሰላም እንዳልነበሩ መገመት ይቻላል፤ አገሩ በጥልቅ ጉድጓድና በበር የታጠረ፣ ብዙ ፈረሰኛ ያለው ነበርና። ገኔ ጉሚቲ ግን ልጃቸው እንዲገብሩ መከሩ፤ አባ ጅፋርም ሰሟቸው። ግብር በመክፈል ፈንታ የሸዋ ገዥ በአገራቸው እንዳይሾም፣ ወታደርም በጅማ ገበሬ ላይ እንዳይሠፍር ሆነ። የውስጥ አስተዳደሩ፣ ዳኝነቱና እስልምናው እንደነበረ ቀጠለ። ሌሎቹ አራቱ የጊቤ መንግሥታት ግን አንዱ ከሌላው ተከትሎ ነጻነታቸውን አጡ፤ በተለይ ጉማ በተደጋጋሚ ባመፀ ቁጥር ክፉኛ ተጎዳ።

ግብሩ ምን ምን እንደነበረ ማየት አገሩ በምን ይኖር እንደነበር ያሳያል። በ1880ዎቹ ከጅማ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከሚሄደው መካከል ባሪያዎች፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቀርከሃ የታሸገ ዝባድ፣ በትልልቅ ዕቃ የተሞላ ማር፣ በአገሩ ሸማኔ የተሠራ ጥጥ ጨርቅ፣ ጦር፣ በብር ያጌጠ ጋሻና ከእንጨት የተፈለፈሉ ዕቃዎች ይገኙበታል። ከዝርዝሩ ግማሽ ያህሉ የእጅ ሥራ ነው። አባ ጅፋር ለንጉሠ ነገሥቱ የሚልኩት የጫካውን ፍሬ ብቻ ሳይሆን የአንጥረኛውን፣ የሸማኔውንና የጠራቢውን ጥበብ ጭምር ነበር። ይህ የታሰበበት ይመስላል፤ በመዝረፍ የሚገኘው ዕቃ አንድ ጊዜ ነው፣ በየዓመቱ እንዲመጣ የሚፈለግ በርጩማና ጋሻ ግን ሠሪው በቤቱ በሰላም መቀመጥን ይጠይቃል።

የአገሩ አስተዳደር

አገሩ «ቆሮ» በሚባሉ ወረዳዎች ተከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አባ ቆሮ ይሾም ነበር። ጅማን ከጎረቤቶቿ የሚለዩት በሮች ኬላ ሲባሉ ጠባቂው አባ ኬላ ነው። ነጋዴ ሁሉ የሚገባውና የሚወጣው በኬላ ስለሆነ ማን ምን ይዞ እንዳለፈ ቤተ መንግሥቱ ያውቃል፤ ቀረጡም እዚያው ይሰበሰባል። ንጉሡ ጠንካራ የሆኑት በጦር ብቻ አልነበረም፤ መንገዱን በመያዝ ጭምር ነው።

ሂርማታ

ቤተ መንግሥቱ ከነበረበት ከጅሬን ኮረብታ በታች፣ በሜዳው ላይ፣ የሂርማታ ገበያ ይቆማል። ዋናው ቀን ሐሙስ ነበር። ዛሬ የጅማ ከተማ የተቀመጠችው በዚሁ ስፍራ ነው፤ ከተማዋ ከገበያው ወጣች እንጂ ገበያው ከከተማዋ አልወጣም። አሜሪካዊው አጥኚ ኸርበርት ሉዊስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲያየው እንኳ ሂርማታ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሲሆን በበጋ ወራት በአንድ ቀን እስከ 30,000 ሰው ይገኝበት ነበር።

በአባ ጅፋር ዘመን ሁለት ዓይነት ነጋዴ ነበር። አፍቀላ የሚባሉት የአገሩ ኦሮሞ ነጋዴዎች ወደ ካፋ፣ ወደ ኩሎና ወደ ሌሎች የደቡብ አገሮች ይወርዳሉ። ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ ከሰሜን፣ ከጎጃምና ከጎንደር፣ ኋላም ከሸዋ ይመጣሉ። ለእንግዳ ነጋዴዎች ከገበያው አጠገብ መንደራ የተባለ ሰፈር ተሰጥቷቸው ነበር፤ የሰፈሩ ስም በጅማ ከተማ አሁንም አለ። ነጋዴ በጅማ እንደማይዘረፍ መታወቁ ለአባ ጅፋር ከብዙ ጦር ይበልጥ ጠቅሟል።

ከአካባቢው የሚወጣው ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማር፣ ሰም፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ነው። ከውጭ የሚገባው ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ጨሌ፣ መዳብና በኋላ ጠመንጃ ነበር። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በጎጃም የባሶን ገበያ አልፎ ዓባይን ተሻግሮ ጅማ ሲደርስ በየመንገዱ ዋጋው ይጨምራል። ለትልቅ ግዢ የማሪያ ትሬዛ ብር፣ ለትንሹ አሞሌ ይሠራ ነበር። ምኒልክ ሸዋን የንግዱ ማዕከል ካደረጉ በኋላ የቅፍለቱ መንገድ ከጎጃምና ከምጽዋ ወደ ሸዋ፣ ወደ ሐረርና ወደ ዘይላ ዞረ።

ስለዚህ ገበያ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። ሂርማታ የባሪያ ገበያም ነበር፤ ያውም ከትልልቆቹ አንዱ። ከደቡቡና ከምዕራቡ አገር በዘረፋና በጦርነት የተያዙ ሰዎች በዚህ ተሸጠው ከፊሉ ወደ ሰሜን፣ ከፊሉም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር ይወሰድ ነበር። ባለጠጋ የጅማ ቤተሰብ እርሻውን የሚያርሰው፣ እንጨትና ውኃ የሚያመጣው፣ ቡናውን የሚለቅመው በአብዛኛው ባሪያ ነው። ንጉሡ ራሳቸው በሺህ የሚቆጠሩ ባሪያዎች ነበሯቸው። የጅማን ሰላምና ብልጽግና የሚያወድስ ሁሉ ሰላሙ ለነማን እንደነበረ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ለቅፍለቱ ነጋዴ የተከፈተው ኬላ በገመድ ታስሮ ለሚነዳው ሰውም ያው ኬላ ነበር።

ከሕንድ የመጣው ዕቃ

በሂርማታ ከሚሸጠው የውጭ ዕቃ ብዙው የሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ የመጣ ነው። የሕንድ ጥጥ ጨርቅ፣ ሐርና ጨሌ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መግባት የጀመረው ከአባ ጅፋር ብዙ መቶ ዓመት በፊት ነበር። ሱራት ከተባለው የሕንድ ወደብ የሚመጣው ሰማያዊ ጨርቅ በሰሜን ኢትዮጵያ ሸማኔዎች ዘንድ የሚፈለገው እንዳለ ለመልበስ ብቻ አልነበረም። ክሩ ተተርትሮ እንደገና በነጭ ሸማ ጫፍ ላይ ጥለት ሆኖ ይሸመን ነበር። በአገር ቤት ቀለም ያንን ያህል ደማቅና የማይለቅ ክር ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበር፣ ጥልፍና ጥለት ያለው የአበሻ ልብስ ከፊሉ ውበቱ የሕንድ ነጋዴ ያመጣው ነው ማለት ይቻላል።

በአጸፋው ከደቡብ ምዕራብ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ በዘይላና በኤደን በኩል ወደ ቦምቤይ ከሚሄደው ንግድ ተቀላቅሏል። በሕንድ አገር ከዝሆን ጥርስ የሚሠራው የእጅ አምባር በተለይ በሠርግ ጊዜ ተፈላጊ ነበር። ከጊቤ ማዶ የተገደለ የዝሆን ጥርስ በጉጃራት ሙሽራ ክንድ ላይ የመዋሉ ዕድል ሰፊ ነው፤ ሻጩም ገዢውም ግን አንዱ የሌላውን አገር ስም አያውቁም።

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ሕንዳውያኑ ነጋዴዎች ራሳቸው ወደ መሐል አገር ገቡ። ከእነርሱ ሁሉ የታወቀው የመሐመድ አሊ ድርጅት ነው። በሐረር ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፍ ከፈተ፤ አቡጀዲ፣ ሐርና ልዩ ልዩ ሸቀጥ እያስገባ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከያዘች በኋላ በ1937 ድርጅቱ ከአገር ተባረረ። የባቡር ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ጨርቁ ረክሶ ወደ ጅማ በብዛት ወረደ። የአገሩ ሸማኔ ግን አልጠፋም፤ የመጣውን ክር እየገዛ በራሱ መንገድ መሸመኑን ቀጠለ።

ከሕንድ ጋር ያለው ግንኙነት በሌላ መልክም በዚህ ምድር ላይ ቀርቷል። ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በሸካ ዞን ቴፒ፣ ብሔራዊ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አለ። በዚያ አካባቢ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬና የሕንዱ ሄል በቡና ጥላ ሥር ይበቅላሉ። ሦስቱም መነሻቸው በወዲያኛው የውቅያኖስ ዳርቻ ነው። የአገሩ ተወላጅ የሆነው ኮረሪማ ደግሞ የሄል ዘመድ ሲሆን በካፋ፣ በሸካና በቤንች ጫካ ራሱን ችሎ የኖረ፣ በአባ ጅፋር ነጋዴዎችም ወደ ሰሜን ሲላክ የነበረ ነው።

የጅሬን ቤተ መንግሥት

ጅሬን ከዛሬዋ ጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ኮረብታ ናት። ከላይ ሆኖ ሲታይ የሂርማታ ሜዳ በሙሉ በእግር ሥር ይዘረጋል፤ ንጉሡ ገበያው መሙላት አለመሙላቱን ከሰገነታቸው ማየት ይችሉ ነበር።

ዋናው ሕንፃ ባለ ፎቅ ሲሆን ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። ዙሪያውን የሚሄድ ሰፊ በረንዳ፣ በውጭ በኩል የሚወጣ ደረጃ፣ በእጅ የተፈለፈለ የእንጨት መከታና ወጣ ያለ ክዳን አለው። በግቢው ውስጥ ለቤተሰቡና ለሕዝቡ የሚሆኑ መስጊዶች፣ የእንግዳ መቀበያና ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ ይገኛሉ። የጅማ ነገሥታት ግቢ «መሠራ» ይባል ነበር። የአባ ጅፋር መሠራ ከቀደሙት የሚለየው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ በአካባቢው የተለመደው ክብ የሣር ቤት ሲሆን ይህ ግን ማዕዘን ያለው፣ ወደ ላይ የቆመ ቤት ነው።

በረንዳና ጥልፍ የመሰለ የእንጨት ጌጥ ያለው ቤት በዚያው ዘመን በሐረርና በአዲስ አበባም እየተስፋፋ ነበር። በምኒልክ ግንባታዎች ላይ ሕንዳውያን ግንበኞችና አናጢዎች ከአርመኖችና ከሌሎች የውጭ ባለሙያዎች ጋር ይሠሩ ነበር፤ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በረንዳ ከቦምቤይና ከዘንጅባር ቤቶች ጋር የሚመሳሰለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የጅሬን ቤተ መንግሥት ከዚህ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ነገር ግን የተገነባው በጅማ እንጨት ነው። ምሰሶውን፣ በሩንና መስኮቱን ያቆመው የአገሩ ሰው የግዳጅ ጉልበትና የጠራቢዎቹ እጅ ስለሆነ ቅጂ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣው ሐሳብ እንጂ ዕቃው አይደለም።

ጠራቢዎች፣ ሸማኔዎችና አንጥረኞች

የጅማ ስም ከእንጨት ሥራ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የጅማ በርጩማ የሚባለው ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ ከአንድ ግንድ ይወጣል። ዋንዛ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ ነው፤ ለመፈልፈል ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። ግንዱ በመጥረቢያ ተጠርቦ መልኩን ከያዘ በኋላ በመሮ ይፈለፈላል፤ መቀመጫው ጎድጎድ ይላል፣ እግሮቹም ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። ሦስት እግር መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ ያልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ሦስት እግር ያለው ነገር አይናጋም። መደገፊያ ያለው ትልቁ ዓይነት ለክቡር ሰው የሚሆን ሲሆን የንጉሡ መቀመጫም ከዚሁ ወገን ነው።

የጅማ ጦርና ሌላው የብረት ሥራ፣ እንዲሁም የጥጥ ሸማው በጊዜው በነበሩ ተጓዦች ዘንድ የተመሰገነ ነበር። ሠሪዎቹ ግን እንደ ሥራቸው አልተከበሩም። ቱምቱ የሚባለው ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ጋር የማይጋቡ፣ በተናቀ ደረጃ የሚቀመጡ ነበሩ። ያው ንጉሥ በብር ያጌጠ ጋሻ ለአዲስ አበባ ሲልክ ጋሻውን የሠራው ሰው በጎረቤቱ ቤት ማዕድ አይቀርብም ነበር። ይህ በጅማ ብቻ የነበረ አይደለም፤ በመላው ኢትዮጵያ የተለመደ ነው።

ካፋና ከካፋ ማዶ

አባ ጅፋር የአገራቸውን ነጻነት የጠበቁት በስጦታ ብቻ አልነበረም፤ የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ሲዘምት አብረው ዘምተዋል። በኩሎ፣ በ1894 በወላይታ፣ በ1897 ደግሞ በካፋ ላይ የጅማ ሠራዊት ተሰልፏል። የመጨረሻው ከሁሉ የከበደው ነው። ካፋ የሚስታቸው አገር፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ መንግሥት ነበር። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት ጦር ከበርካታ ወራት ውጊያ በኋላ የካፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ንጉሡ በእስር ኖረው በ1919 ዐረፉ።

ሁለቱ ጎረቤት ነገሥታት በተመሳሳይ ጥያቄ ፊት ቆመው ተቃራኒ መልስ ሰጡ። ጋኪ ሸሮቾ ተዋግተው መንግሥታቸውንና ሕዝባቸውን በአንድ ላይ አጡ፤ አባ ጅፋር ገብረው ሁለቱንም አተረፉ፤ ነገር ግን ትርፉ ከጎረቤት ኪሳራ ጋር የተያያዘ ነበር። የካፋ በር ከተከፈተ በኋላ ወታደሩና ባሪያ ፈንጋዩ ወደ ሸካ፣ ወደ ቤንችና ወደ ማጂ ወረደ። ዛሬ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚገኙበት ምድርም የዚያ መዘዝ ደርሶበታል። በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት በተለይ የማጂ አካባቢ ነዋሪ በፍንገላ እጅግ ተመናምኗል። ከዚያ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከሚያልፍባቸው ገበያዎች አንዱ ጅማ ነበር።

እምነትና ጉዞ

በአባ ጅፋር ዘመን ጅማ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆነች። ከወሎና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሊቃውንት መሬትና መተዳደሪያ እየተሰጣቸው ተቀመጡ፤ ደረሳዎችም ከሩቅ ይመጡ ጀመር። ንጉሡ ከጅማ ለሐጅ የሚሄዱ ሰዎች የሚያርፉበት ቤት በመካ እንዲኖር አድርገዋል። ይህ በወቅቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጅማ ተነሥቶ በበቅሎና በእግር እስከ ባሕር፣ ከዚያ በጀልባ እስከ ጅዳ የሚጓዝ ሰው ወራት ይፈጅበታል፣ ገንዘቡም በመንገድ ያልቃል። ሐጃጁ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ሽቶ፣ መቁጠሪያ፣ ምንጣፍና የሐር ጥምጥም በአገር ቤት ፋሽንን ይለውጥ ነበር። ከእነዚህም ዕቃዎች ጥቂት የማይባሉት ወደ መካ ራሱ የገቡት ከሕንድ ነው።

ቡና

ወጣቱ አባ ጅፋር ሲነግሡ ቡና ከዝባድ፣ ከዝሆን ጥርስና ከባሪያ ንግድ በኋላ የሚቆጠር ነበር። ኦሮሞው በቅቤ እየቆላ ይበላዋል፤ እየጠጣም ይመርቅበታል፤ ለሩቅ ገበያ የሚጫነው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ በቅሎ የምትሸከመው ቡና የሚያወጣው ዋጋ ያችው በቅሎ ከምትሸከመው ዝባድ ጋር አይወዳደርም። ባቡሩ ሲቃረብ ሒሳቡ ተለወጠ። በንግሥናቸው መጨረሻ ዓመታት ቡና የጅማ ዋና ሀብት ሆኖ ነበር፤ ገበሬውም ከጫካ መልቀሙን ትቶ በጓሮው ይተክል ጀመር። ዛሬም «የጅማ ቡና» በሚለው የንግድ ስም የሚሸጠው ከጅማ ዞን የሚመጣው ብቻ አይደለም፤ ከካፋ፣ ከሸካና ከቤንች የሚወርደውም በዚሁ ስም ሲሸጥ ኖሯል። ጫካውና ገበሬው ሌላ፣ ስሙ ግን የገበያው ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ምኒልክ በ1913 ሲሞቱ ከአባ ጅፋር ጋር የነበረውን ስምምነት የሚያስታውሰው ትውልድም እያለፈ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1924 አዋጅ ወጣ። ይህ ለጅማ ባለጠጎች የኑሯቸው መሠረት መነቃነቅ ነበር። አዲስ አበባም በቡና የበለጸገችውን አገር በግብር ብቻ መተው አልፈለገችም። አባ ጅፋር አርጅተው ሲደክሙ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር አባ ዱላ ዞረ። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር አለመግባባት ተፈጠረና አባ ጆቢር ታሰሩ፤ በማዕከላዊው መንግሥት የተሾሙ ሰዎችም ወደ ጅማ ገቡ። አባ ጅፋር በ1932 በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። በእሳቸው ሞት ጅማ እንደ መንግሥት አበቃች።

ኢጣሊያኖች ሲመጡ አባ ጆቢርን የጅማ ሱልጣን ብለው ሾሟቸው፤ አገዛዛቸው ሲያበቃ ይህም ሹመት አብሮ አበቃ። አዲሷን ከተማ በሂርማታ ሜዳ ላይ ቀየሱ። ከነጻነት በኋላ ጅማ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። አባ ጅፋር የዘመቱበት አገር ስም የራሳቸውን አገር ሸፍኖ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በካርታ ላይ ቆየ።

ከእሳቸው የቀረው

ጅማ አባ ጅፋር የተባለው የእግር ኳስ ክለብ በ2018 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ስማቸው ታሪክ በማያነቡ ሰዎች አፍ ሳይቀር ገብቷል። የጅሬን ቤተ መንግሥት ዛሬ በጎብኚዎች ይታያል፤ እንጨትና ጭቃ ለዝናብና ለምስጥ የሚጋለጡ በመሆናቸው ግን ዘወትር እንክብካቤ የሚሻ ሕንፃ ነው። መቃብራቸውም በዚያው በጅሬን ይገኛል።

ይገለገሉባቸው ከነበሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ በጅማ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ከእንጨት የተፈለፈሉ ወንበሮችና በርጩማዎች አሉ። ጎብኚ ሁሉ ቆሞ የሚያየው ግን ንጉሡ መንገድ ሲወጡ ይያዝላቸው የነበረው ተንቀሳቃሽ የእንጨት መጸዳጃ ነው። እሱም እንደ ዙፋኑ ከእንጨት በእጅ የተሠራ ነው። ከሙዚየሙ ውጭ፣ በጅማ ከተማ የእጅ ሥራ ሱቆች፣ ያው ባለ ሦስት እግር በርጩማ በትንሹም በትልቁም መጠን ይሸጣል። ከሚዛንና ከቴፒ በኩል የሚመጡ መንገደኞችም ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ገዝተው አውቶቡስ ላይ ይጭኑታል።